ትሁኔ አንቱ ያለችኝ ቀን

በበርበሬ ሰሞን ቡሬ ገበያ የገባ ሰው ሳያስነጥስ አይወጣም። ዛላው በየሸራው ተቆልሎ ፀሐይ ሲመታው የሚነሣው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፣ ዓይን ያስለቅሳል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ቡሬ ድረስ የምሄደው ፍኖተ ሰላም በርበሬ ጠፍቶ አይደለም፤ መንገዱ ሰላም ሆነ በተባለበት ሳምንት ሰው መሀል መዋል ስለሚያምረኝ ነው። ባለፈው ኅዳርም እንዲሁ ሄጄ ከአንዷ ሸራ ፊት ቁጢጥ ብዬ ዛላ ስመርጥ ሻጯ ሚዛኑን አየችና «እማማ፣ ይቺ ለማን ትበቃለች? ቤተሰብ የለዎትም እንዴ?» አለችኝ። «አለኝ፤ ትንሽ ነው የሚበሉት» ብያት ሣቅሁ። ውሸቴን ነው። ቤቴ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚበላ የለም።

ለመመለሻ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ በርበሬዬን እግሬ ሥር እንዳደላደልሁ፣ ጥምጥማቸው የጸዳ፣ መቋሚያ የያዙ አዛውንት መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ እግራቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ የሱሪያቸው ጫፍ ከፍ አለ። ቁርጭምጭሚታቸውን ዞሮ የገጠመ የከረመ ጠባሳ አየሁ። ያን ጠባሳ ገና ቁስል ሳለ በእጄ አጥቤዋለሁ።

«መሪጌታ አየነው ነዎት?» አልኋቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «ነኝ እናቴ። ማን ልበል?»

አላወቁኝም። ሊያውቁኝም አይችሉም፤ እኔ የማውቃቸው እሳቸው ራሳቸውን በማያውቁበት ዘመን ነው። «ድሮ ቋሪት በሥራ ነበርሁ» አልኋቸው። «ባለቤትዎን አውቃታለሁ። ትሁኔ ደህና ናት?»

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ትሁኔማ ዐረፈች እኮ። በክረምቱ ነው የሸኘናት። መንገዱ ዝግ ስለነበር ሩቅ ያለ ወዳጅ አልደረሰላትም።»

ነፍስ ይማር አልሁ። ማንኩሳን ስናልፍ ሰውየው ስለ ዘንድሮው ገብስ ነገሩኝ፣ ስለሚያስተምሯቸው የቅኔ ተማሪዎች ነገሩኝ፤ እኔም እሰማለሁ፣ አልሰማምም። ማን እንደሆንሁ ልነግራቸው ብዬ ተውሁት። ስሜን ብናገር እንዴት እንደተዋወቅን መናገር ግድ ይሆናል። ትሁኔ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸፍነው የኖረችውን ነገር በሕዝብ መኪና ውስጥ ልገልጠው ነው? ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስንደርስ እሳቸው ወደ ቋሪት መኪና፣ እኔ ወደ ቤቴ ተለያየን። በርበሬውን ግቢዬ ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር አሰጣሁትና አጠገቡ ተቀምጬ ዋልሁ። ዓይኔ ሲያለቅስ ያየኝ ጎረቤት ቢኖር በበርበሬው ያመካኝልኝ ነበር። ግን አጥሩን አልፎ የሚገባ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ፍኖተ ሰላም የገባሁት ገና ልጅ እግር ሳለሁ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብናገር ወጣቶቹ ይሥቁብኛል፤ ብቻ ሻይ በአሥር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ደህና ዶሮ በብር ከስሙኒ የሚሸጥበት ዘመን ነበር። ከአውቶቡስ ስወርድ ጉልበቴ ላይ የሚቀር የቴትሮን ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ጫማዬ ተረከዙ ከፍ ያለ፣ ለጭቃ ያልታሰበ ነው፤ ልብሴን የያዝሁት እናቴ በሰጠችኝ የቆርቆሮ ሻንጣ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንድ ሻይ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጧት የከፈተውን ቴፕ እስኪመሽ አይዘጋውም፤ ክራሩ በአምባሰል ቅኝት ሲያንጎራጉር የሚጠባበቀው መንገደኛ ሁሉ አንገቱን ይደፋል። በረንዳው ላይ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን እየረገጠ ያላፊ አግዳሚውን ልብስ በዓይኑ ይለካል። ከእሱ ቀጥሎ ፎቶ ቤቱ፤ መጋረጃው ላይ ባሕርና ዘንባባ ተስሏል፤ ከገጠር የሚመጡ ሙሽሮች ሁሉ ያን ባሕር ከኋላቸው አድርገው ተነሥተዋል። እኔም ተነሥቻለሁ። ዛሬ ያ ጥግ የስልክ መጠገኛና የባጃጅ መቆሚያ ነው። ባጃጁን የሚነዱት ልጆች «ማዘር፣ ወዴት ነው?» ሲሉኝ፣ ባሕሩ የነበረበት ግድግዳ ላይ ትክ ብዬ እቀርና መልስ እረሳለሁ።

የተማርሁት የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ነበር። ያን ጊዜ ምን እንደሆነ ማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ሐኪም አይደለሽ፣ አስተማሪ አይደለሽ፣ ግብር ሰብሳቢ አይደለሽ፤ ታዲያ በሰው ቤት ምን ትሠሪያለሽ? ሥራዬ መዞር ነው። የታመመ ያለበትን፣ ያረጀ ሰው ብቻውን የቀረበትን፣ ልጅ ከትምህርት የወጣበትን ቤት እየዞሩ ማየትና መላ መፈለግ። አዲስ አበባ ያስተማሩን ሴትዮ፣ ሰው ፊት ደብተርና እስክሪብቶ እንዳናወጣ አጥብቀው ይከለክሉን ነበር። «የጻፋችሁለት ቀን የሚነግራችሁ ለመንግሥት የሚነገረውን ነው» ይሉናል። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። የቋሪት ሰዎች ግን ሰንበት ብለው ራሳቸው ስም አወጡልኝ። «ጠያቂዋ» አሉኝ። ጠያቂ በእኛ አገር ሁለት ነው፤ ነገር የሚጠይቅም ጠያቂ ነው፣ የታመመ የሚጠይቅም ጠያቂ ነው። የትኛውን አስበው እንዳወጡልኝ አልነገሩኝም። ጎጃም ስም ሲያወጣ አንዱን ብቻ አስቦ አያወጣም።

የትሁኔ ቤት ከገበዝ ማርያም ወጣ ብሎ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ደጋ ላይ ነው። ወደዚያ ስሄድ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሁሉ «እዚያ ቤት እንኳ ባትሄጂ ይሻላል» እያሉ፣ ምክንያቱን ስላቸው ወሬ ይቀይራሉ። ደጃፏ ስደርስ ገብስ ታበጥራለች። ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ጉንጯን ብርድ ያጠቆረው፣ ፈርጠም ያለች ሴት ናት። ቀና ብላ እግሬን አየችና «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ጫማ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽ?» ብላ ሣቀች። የራሷን ኮንጎ ጫማ አውልቃ አጫማችኝና በባዶ እግሯ ማበጠሯን ቀጠለች። ያን ቀን ምንም አልጠየቅኋት፤ ገብሷን አብሬያት ስለቅም ዋልሁ። ሌላ ጊዜም ሄድሁ፤ ድንቿን አወጣንና ተመለስሁ። ቤት ውስጥ ስንቀመጥ ከጓዳው በኩል አንዳንዴ ብረት ይንኳኳል። እሷም ድምጿን ከፍ አድርጋ ታወራለች፤ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ እመልሳለሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሥራዋን አቁማ «አንጓች፣ ጠያቂ ይሉሻል፤ ለምንድን ነው የማትጠይቂኝ?» አለችኝ።

«ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው።»

«ነይ እንግዲያ» አለችና የጓዳውን መጋረጃ ገለጠችው።

መሪጌታ አየነው በእግር ብረት ከምሰሶ ጋር ታስረው አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ቅኔ ከሚቆጠርበት ጉባኤ ሊቅ ተብለው የወጡ ሰው ናቸው። አእምሯቸው ሲታወክ መንደሩ «ትምህርት እንዲገባው ዕፀ ፋርስ ቀምሶ ነው» አለ። ጠበል ለጠበል ዞረው ሲሻላቸው፣ ሲመለስባቸው፣ አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ደረሱባቸው። ከዚያ ወዲያ ትሁኔ አሰረቻቸው። «ላጣቸው ስላልፈለግሁ ነው» አለችኝ፤ ከዚያ ከጉልበቴ ሥር ቁጭ ብላ ጭኔ ላይ ፊቷን ደፍታ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም አላለቀሰችም ነበር፤ ዘመዶቿ የሚመጡት ለምክር ነው፣ ጎረቤቶቿ ደግሞ ጨርሰው አይመጡም።

አዲስ አበባ ወዳለው የአእምሮ ሐኪም ቤት ይዘናቸው ሄድን። ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድና መሳፈሪያ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አውቶቡሱ ደምበጫ ሲቆም መሪጌታ አልወርድም፣ አልበላም አሉ፤ መንገደኛው ዞሮ ዞሮ ያየናል። ትሁኔ ነጠላዋን ከእኔ ነጠላ ጋር ቋጠረችው፤ «እኔ ስደክም አንቺ ትይዥኛለሽ» አለች። አባይ በረሃን ስንወርድ በሁለታችን መሀል አስቀምጠናቸው፣ እሳቸው በለሆሳስ ዜማ ይላሉ፣ እኛ እንሰማለን። ከዚያ ጉዞ የቀረኝ ፍርሃቱ አይደለም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው የቀረበኝ ጊዜ አልነበረም።

መድኃኒቱ ሠራላቸው። ጠበሉንም ሳይተዉ እንክብሉንም እየዋጡ፣ ፋሲካ ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያን ቆመው አስቀደሱ። ትሁኔ የእግር ብረቱን ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዳ ማረሻ አሠራችበት። እኔም ሌላ ቤት፣ ሌላ መንደር ሄድሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት የሰው ጓዳ አይቼ ወደ ሌላ ሰው ጆሮ ወሬ አላሳለፍሁም፤ ዋጋዬ እሱ ነበር።

ያን ጊዜ ደምበጫ የሚያስተምር አንድ ሰው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሱሪው ከታች እየተንቦረቀቀ ይመጣል። በዚያ ባሕርና ዘንባባ ፊት የተነሣሁት ከእሱ ጋር ነው። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ይነግረኛል፤ እኔ ግን ልቤ ስለ አንዷ መበለት ወይም ስለ አንዱ ሽባ ያስባል። አንድ ቅዳሜ «ለሁሉም ጆሮ አለሽ» አለኝ፤ «እኔ ስናገር ግን ዓይንሽ መንገድ ላይ ነው። አዲስ አበባ ተዛውሬያለሁ፤ ትመጫለሽ?» የምክር ቤት ምርጫ ሰሞን ነበርና «እስኪ ይህ ይለፍ» አልሁት። አልፎ አላለፈም፤ እሱ አለፈ። ኋላ አግብቶ መውለዱን ሰማሁ። ሸሚዙን የተኮሰበት የከሰል ሽታ ዛሬም በልብስ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ ይመጣብኛል።

ምርጫው ላይ ስሜን የጠሩት የቋሪት ሽማግሌዎች ናቸው። «ይቺ ልጅ ገበናችንን አይታ ያልገለጠች ናት፤ እሷ ትሂድልን» አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! መንደር ለመንደር ስዞር ያየሁት ሁሉ አንድ ሆኖ ይታየኛል፤ መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ ለምን ይመጣል፣ ፍኖተ ሰላም ለምን አይኖርም? አንዲት አሮጊት ለእርዳታ ስትመጣ ለምን ከቢሮ ቢሮ ትንከራተታለች? እኔ ከወንበሩ ላይ ብቀመጥ ይህን አስተካክለዋለሁ አልሁ። እውነትም ጥቂቱን አስተካክያለሁ፤ የማይካድ ነው። በምክር ቤቱ ሌሎቹ በመቶኛ ሲናገሩ እኔ ስም ሳልጠራ «እነ እገሌ ቤት እኮ» ብዬ ስጀምር መጀመሪያ ይሥቁ ነበር፤ በኋላ ግን አንዳንዱ ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ጥግ እየወሰደኝ የራሱን ቤት ነገር ያወራኝ ጀመር። መድኃኒቱ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገባ። ከዚያም በየጤና ኬላው ይደርሳል ተባለ። ኃላፊነቴም ከፍ አለ፤ መኪና ተሰጠኝ፣ ከስሜ በፊት «ክብርት» የሚባል ነገር መጣ። ኮንጎ ጫማዬን ቤት ትቼ ጥቁር ቆዳ ጫማ አደረግሁ።

አንድ ጊዜ ከበላይ የመጡ እንግዶችን ይዘን ቋሪትን እንድናሳይ ታዘዝን። ከሚጎበኙት ቤቶች አንዱ የትሁኔ ነው፤ ሰው ከእግር ብረት የወጣበት ቤት ብለው የወረዳው ሰዎች መርጠውታል። ደስታዬን አልቻልሁትም። ያን መንገድ በእግሬ ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁበት ለእንግዶቹ እየነገርሁ ሄድሁ። መኪኖቹ ደጃፏ ሲቆሙ ትሁኔ ታጥባ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ከጎረቤት የተዋሰቻቸውን ወንበሮች ደርድራ ጠበቀችን። ልስማት ስጠጋ ወገቧን ሰበር አድርጋ እጅ ነሣችኝ።

«እንደምን ዋሉ ክብርት። እንኳን ደህና መጡ፤ ይግቡ፤ እዚህ ይቀመጡ» አለችኝ።

አንቱ አለችኝ። ጭኔ ላይ ያለቀሰችው ትሁኔ፣ ነጠላዋን ከነጠላዬ ጋር የቋጠረችው ትሁኔ። ሰው ፊት ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እንግዶቹ ኑሮዋን ሲጠይቋት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ሁሉም ደህና ነው፤ መንግሥት ይመስገን፤ መድኃኒቱም ይመጣል» ትላለች። እንዲህ ዓይነቱን መልስ እኔ አውቀዋለሁ። ከዚያ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ድምፅ ሰማሁ። ብረት አይደለም። በለሆሳስ የሚባል፣ መሀሉ ላይ እየተቆረጠ ከመጀመሪያው የሚነሣ ዜማ ነው። ትሁኔ ጮክ ብላ ሳለች። ደግማ ሳለች። ካሜራ የያዘው ሰው «ባለቤትዎስ የት ናቸው? እሳቸውን ነው የምንፈልገው» ሲላት «ደብር ወርደዋል» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። መጋረጃውን አትግለጪው ነው ያለችኝ። በዚያ ሁሉ አንቱታ ውስጥ ዓይኗ ብቻ አንቺ አለኝ።

ብድግ አልሁ። «መሽቶብናል፤ ወንዙ ሳይሞላ እንሂድ» ብዬ ሁሉንም አስወጣኋቸው። ወንዙ የሚሞላበት ወር አልነበረም።

በሳምንቱ ከገበዝ ማርያም በእግሬ ብቻዬን ሄድሁ። የዚያኑ ቀን ባሕር ዳር ግምገማ ነበረብኝ፤ አመመኝ አልሁና ቀረሁ። ትሁኔ ከደጃፏ ስታየኝ ሮጣ ትመጣለች ብዬ ነበር። ተነሥታ ቆመች፤ መደቡን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችልኝ። መሪጌታ በጠፍር ታስረዋል። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ወራት አልፎታል። ጤና ኬላው ያለው ሰው ወረዳ ሄዶ ማምጣት ሲሰለቸው «አልመጣም» እያለ ይመልሳታል።

«ለምን አልነገርሽኝም? ፍኖተ ሰላም እኮ ነው ያለሁት! መኪና አለኝ፣ ስልክ አለኝ፣ የማዝዘው ሰው አለኝ» አልኋት።

«ለዚያ ነዋ» አለች ትሁኔ። «እርስዎ አንጓች ሳሉ ብነግርዎት ሐዘኔ ነው፤ አብረን እናለቅሳለን። አሁን ብነግርዎት ክስ ነው። ያ ሰውዬ ይባረራል፤ ምናልባትም ይታሰራል። የሴት ልጁ የክርስትና እናት ነኝ። ውኃ የምንቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው። እርስዎ በመኪና ይሄዳሉ፤ እኔ ከእሱ ጋር እዚህ እቀራለሁ።»

«አንቺ በይኝ እንጂ ትሁኔ። ብቻችንን ነን።»

ፈገግ አለች፤ ግን የሚያሳዝን ፈገግታ ነው። «አልሆን አለኝ እኮ» አለች። «ሞከርሁት፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

ያን ቀን አብረን የመሪጌታን እግር አጠብን። ሰውየውን አልከሰስሁም። መድኃኒቱን ትሁኔ ራሷ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እየመጣች እንድትወስድ፣ ማንም ሳይናገራት እንዲሰጧት አደረግሁ። መሪጌታ እንደገና ዳኑ፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሰባቸውም። ለእኔ ግን ግምገማው አልቀረልኝም። ሰብሳቢው በስብሰባው መሀል አስቆመኝና «ታማሚ ነኝ ብለሽ የሰው ቤት ስትዞሪ ተገኝተሻል» አለኝ። «አንቺ እስካሁን ጠያቂ ነሽ። ኃላፊ ተጠያቂ ነው እንጂ ጠያቂ አይደለም። ሁለቱን መለየት አቅቶሻል።» መልስ ነበረኝ፤ ግን መልሱ ያለው ትሁኔ ጓዳ ውስጥ ነበር። «አቅቶኛል» ብዬ ተቀመጥሁ። በሚቀጥለው ምርጫ ስሜ አልተጠራም።

ሥልጣን ላይ በቆየሁባቸው በቀሩት ወራት ትሁኔ መድኃኒት ልትወስድ ስትመጣ ቤቴ ጎራ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ነበር። ባለሥልጣን ቤት ትገባለች እንዳትባል ሳይሆን አይቀርም፣ አልመጣችም። አንድ ጊዜ ብቻ ከመኪናው መስኮት መናኸሪያው አጥር ሥር ቆማ አየኋት፤ ጥቁር በርኖስ ለብሳ በእጇ ትንሽ ፌስታል ይዛለች። እጄን አወጣሁ። ሾፌሩ ለሌላ ሰው ሰላምታ የምሰጥ መስሎት አለፈ። ወንበሩን ከለቀቅሁ በኋላም መሄድ እችል ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል፣ ጉልበቴ ታመመ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ወንበር የለቀቀ ሰው ቤት ሰው አይበዛም። ቀደም ሲል በደጄ የሚሰለፉት አሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ብለውኝ እየተጣደፉ ያልፋሉ። ወደ ጡረታ ክፍል ስሄድ እንኳ ወረፋዬን የሚያስቀድምልኝ የለም፤ በዚህስ ደስ ይለኛል። የማይለመደው የቤቱ ጸጥታ ነው። ያን ሁሉ የሰው ጓዳ የሚያውቅ ሰው፣ የራሱን ጓዳ የሚያውቅለት አንድም ሰው የለም።

ከቡሬ በተመለስሁ በሁለተኛው ወር፣ ጥር ላይ፣ ቋሪት መኪና ገባ ሲባል ጥቁር ነጠላዬን ለብሼ ተነሣሁ። ከገበዝ ማርያም እስከ ትሁኔ ቤት በድሮ እግሬ ቅርብ ነበር፤ አሁን በዱላ እየተደገፍሁ፣ እየቆምሁ፣ የማላውቃቸውን የቆርቆሮ ቤቶች እያየሁ ነው የደረስሁት። መሪጌታ ደብር ናቸው። ጠጉሯን የተላጨች ወጣት ሴት ከቤት ወጣች፤ ትሁኔ ያሳደገቻት የእኅቷ ልጅ ናት፤ ስሟ ውዴ ነው።

«ይግቡ እናቴ። ከየት ነዎት?»

«ከፍኖተ ሰላም። ለቅሶ ልደርስ ነው፤ ዘገየሁ።»

«ምንም አይደለም፤ ለእሷ ለቅሶ አይዘገይም» አለችኝ። ወደ ውስጥ አስገብታ መደቡ ላይ ካስቀመጠችኝ በኋላ በትሕትና «ምኗ ነዎት?» አለችኝ።

ለቅሶ ቤት ያለ ጥያቄ ነው፤ ማንም ይጠየቃል። እኅቷ ነኝ ይላል፣ አበ ልጇ ነኝ ይላል፣ ጎረቤቷ ነበርሁ ይላል። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነበርሁ ልበላት? የመረጠችኝ ተወካይዋ ነበርሁ ልበላት? ለሠራተኛና ለተወካይ ማን ያለቅሳል፣ እነሱስ ለማን ያለቅሳሉ? በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ስም ነበረኝ፤ አንዱም ለዚህ ቤት አልሆነኝም። ከዚያ ሳላስበው ድምፅ አውጥቼ አለቀስሁ። ሥልጣን ከያዝሁ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ መጀመሪያ አይገባም ተብዬ፣ በኋላ የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ። ውዴ ደግማ አልጠየቀችኝም። አጠገቤ ተቀምጣ እሷም አለቀሰች።

ሲወጣልን ውኃ አምጥታ ፊቴን አስታጠበችኝ። ዱላዬን አነሣሁ፤ ከገበዝ ማርያም የሚነሣው መኪና አንድ ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። ውዴ ግን ማሰሮውን እንደያዘች ከፊቴ ቆመች።

«እናቴ፣ ባለቤቴ ለሥራ ቆላ ከወረደ ቆየ» አለችኝ። «ድምፁ ጠፍቷል። ለመሪጌታ እንዳልነግር፣ ሐሳብ እንዳይጎዳቸው እፈራለሁ። ለጎረቤት እንዳልነግር፣ ወሬው ሌላ ይሆናል።»

«ልጄ» አልኋት፣ «እኔ አሁን ምንም የለኝም። ስልክ የምደውልለት፣ የሚፈልግልሽ ሰው እንኳ የለኝም።»

«ይገባኛል» አለች ውዴ። «እንዲፈልጉልኝ አይደለም።»

በበሩ በኩል ፀሐይዋን አየሁ። አሁኑኑ ካልተነሣሁ መኪናው እንደሚያመልጠኝ አወቅሁ። ዱላዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ እግሬን መደቡ ላይ አውጥቼ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አጣፋሁ።

«ስሙ ማን ነው?» አልኋት።